ደብተሩን ስንገልጠው፦ በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ያደረግኩት የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ይህን «እንኳን በደህና» የሚለውን ቃል ከዚህ መድረክ ላይ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ዘንድሮ ግን ከአፌ ሲወጣ ከበደኝ። ሁለት ጉባኤ በስክሪን ነው ያሳለፍነው፤ ግማሻችን ድምፃችንን ዘግተን ስናወራ፣ ግማሻችን ካሜራ አጥፍተን ስንተኛ (እኔም አንዴ ተኝቻለሁ፣ ይቅርታ)። ዛሬ ፊት ለፊት ስንተያይ የጎደሉ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ከእኔ ቀጥሎ ስማቸው ይነበባል፣ ቆመን እናስባቸዋለን። እኔ ደግሞ ስለቀረነው ላውራ። ስለ ኪሳችን፣ ስለ ልባችንም።

ጸሐፊያችን «ንግግርህ አጭርና የሚያበረታታ ይሁን» ብላኛለች። አጭር ለማድረግ እሞክራለሁ። በማበረታታቱ ላይ ግን ትንሽ ቅሬታ አለኝ። በወረርሽኙ ጊዜ ማበረታቻ መቼ ጠፋ? ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር «ይህን ጊዜ ተጠቀሙበት፣ አዲስ ቋንቋ ተማሩ፣ የራሳችሁን ሥራ ጀምሩ» የሚል ሰው አላጣም ነበር። የወሩን ኪራይ ከየት እንደሚያመጣ ግራ የገባው ሰው ምን ቋንቋ ይማራል? «አይዞህ» ጥሩ ቃል ነው፤ ግን ኪራይ አይከፍልም።

ስለዚህ በማበረታታት ፈንታ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ገቢዬ በግማሽ ወረደ። ምን አደረግኩ? ምንም። ያው ወጪ፣ ያው ኑሮ። ለባለቤቴም አልነገርኳትም። ለራሴ «ለምን አስጨንቃታለሁ» አልኩ፤ እውነቱን ስናወራ ግን አፍሬ ነው። ከአበዳሪዬ መልእክት ሲደርሰኝ ሳልከፍት አልፈዋለሁ፣ ያልተነበበ ዕዳ እንደተከፈለ የሚቆጠር ይመስል። ማታ እንቅልፍ የለም። ጣሪያው ላይ አፍጥጬ በጭንቅላቴ እደምራለሁ፣ እቀንሳለሁ፣ ድምሩ ደግሞ በየሌሊቱ ሌላ ነው።

አንድ ቀን ትንሿ ልጃችን «አባዬ፣ ከእማዬ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ?» አለችኝ። ጠብ አልነበረንም። ዝምታ ነበር። ያን ዕለት ማታ ደብተር አወጣሁና ለባለቤቴ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ተቆጣች? እንዴታ! የተቆጣችው ግን ገቢዬ ስለወረደ አልነበረም። «ሦስት ወር ሙሉ ብቻህን ይዘኸው ዞርክ!» ነው ያለችኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ነጥቃ እሷው መጻፍ ጀመረች።

ያን ሌሊት ከስንት ጊዜ በኋላ ተኛሁ። ኪሴ ያው ነበር፣ ዕዳውም ያው። ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ሲያድግ የከረመው ጉድለት ደብተር ላይ ሲሰፍር ከገመትኩት ግማሹን እንኳ አልሞላም። መጥፎ ነበር፤ መጠኑ ግን የታወቀ መጥፎ ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እየተባልን አድገናል። ስለ ሳልና ስለ ትኩሳት ሲሆን በዚያ ሰሞን ይህን ተረት እየደጋገምን ሰው መክረንበታል። ስለ ገንዘብ ሲሆን ጊዜ ሁላችንም ድብቅ።

በኋላ ሳነብ ብቻዬን እንዳልነበርኩ ገባኝ። የዓለም የሥራ ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ የጠፋው የሥራ ሰዓት ከ255 ሚሊዮን የሙሉ ጊዜ ሥራዎች ጋር የሚተካከል ነው። የዓለም ባንክ በዚያው ዓመት ተጨማሪ 70 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወደ ከፋ ድህነት እንደወረዱ ገምቷል። ጭንቀትና ድባቴም በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ እንደጨመሩ የዓለም ጤና ድርጅት ተናግሯል። እኔ ጣሪያ ላይ ሳፈጥ «ሰነፍ ስለሆንኩ ነው» እያልኩ ራሴን እሰድብ ነበር። ያን ያህል ሚሊዮን ሰው በአንድ ዓመት ተነጋግሮ አይሰንፍም።

ደብተሩ ላይ ምን ጻፍን? ገጹን ለሁለት ከፈልነው። በአንድ በኩል በዚህ ወር ካልተከፈለ ጉዳት የሚያመጣ ነገር፦ መኖሪያ፣ ምግብ፣ መድኃኒት፣ መብራት፣ ውሃ፣ ኢንተርኔት። ኢንተርኔቱን እዚያ ያስገባችው ባለቤቴ ናት። እኔ እንደ ቅንጦት ቆጥሬ ልሰርዘው ነበር፤ የእኔ ሥራም የልጆቹ ትምህርትም በእሱ በኩል እንደሚያልፍ ረስቼ። በሌላው በኩል የቀረው ሁሉ። እዚያ ውስጥ ማንም የማይጠቀምባቸው፣ በየወሩ ከሒሳቤ ላይ በራሳቸው የሚቆረጡ ሦስት አገልግሎቶች ተገኙ። ሦስት! አንዱን መቼ እንደተመዘገብኩበት እስከ ዛሬ አላስታውስም።

አሁን ወደ ብድር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙዎቻችን የተላጥነው እዚህ ነውና።

በዚያ ሰሞን በብዙ አገር አበዳሪዎች «ክፍያችሁን ለጥቂት ወራት ማዘግየት ትችላላችሁ» ይሉ ነበር። እኔም መልእክቶቼን መክፈት የጀመርኩ ቀን ይህን አገኘሁና በደስታ ለሦስት ወር ፈረምኩ። አበዳሪዬ ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ውሉን ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ክፍያው ሲዘገይ ወለዱ መቁጠሩን አላቆመም ነበር። አስቡት፣ 100 ሺህ ዕዳ በዓመት 15 በመቶ የሚታሰብበት ቢሆን በሦስት ወር 3,750 ወለድ ይወልዳል። ያ ደግሞ ዋናው ዕዳ ላይ ከተደመረ በኋላ ራሱ መውለድ ይጀምራል። ማዘግየት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ በመድኃኒትና በወር ክፍያ መካከል መምረጥ ግድ ለሆነበት ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ከመፈረሜ በፊት ልጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች ነበሩ። ወለዱ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? የዘገየው ክፍያ በብድሩ መጨረሻ ላይ ይጨመራል ወይስ በአራተኛው ወር ባንዴ ይጠየቃል? ቅጣት አለው? ያላችሁኝን በጽሑፍ ትሰጡኛላችሁ?

ከመካከላችን የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ወንድማችን አለ፤ ፈቅዶልኝ ነው የማወራው። ድግስ ሲቆም ገቢው በአንድ ቀን ዜሮ ገባ። እሱ ግን አንድም ክፍያ ሳያልፈው በፊት ደብተሩን ይዞ አበዳሪው ዘንድ ሄደ። «ይህን ያህል እችላለሁ፣ ከዚህ በላይ አልችልም» አለ። የብድሩ ዘመን ተራዘመለት፣ ወርሃዊ ክፍያው ወረደ። በጠቅላላው የሚከፍለው ወለድ ከፍ እንደሚል አውቆ፣ አስልቶ ነው የተስማማው። እኔ ሳልከፍት ካሳለፍኳቸው መልእክቶች በአንዱ ውስጥ ተመሳሳይ ግብዣ ነበር። ሳነበው ቀኑ አልፎበታል።

በስልክ የሚለቀቀው ፈጣን ብድርስ? «በወር 10 በመቶ ብቻ» ሲሉት ቀላል ይመስላል። በዓመት 120 በመቶ ነው። ወለድ በወለድ ላይ እየተቆለለ ከሄደ ደግሞ ከ200 በመቶ ያልፋል። አንዱን ለመክፈል ሌላውን የተበደራችሁ አላችሁ፣ ነግራችሁኛል። ከቻላችሁ መጀመሪያ ወለዱ ከፍ ያለውን ዝጉ። አንዳንድ ሰው ትንሿን ዕዳ ቀድሞ መገላገል ይወዳል፣ አንዷን ሲሰርዝ ልቡ ስለሚበረታ። በሒሳብ ካሰብነው ያከስራል፤ ግን ያ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም ከሚተወው ይህ ይሻላል፣ አልከራከርም።

ገቢው የጨመረለትም ነበር። ዕቃ በየቤቱ የሚያደርስ አባላችን በዚያ ዓመት አይቶት የማያውቀውን ገንዘብ አየ። ዘላለም የሚቀጥል መሰለው። በዚያ ገቢ ልክ ተበደረ። ሰዉ ከቤት መውጣት ሲጀምር ሥራው ቀዘቀዘ፣ ዕዳው ግን አልቀዘቀዘም።

መጠባበቂያን በተመለከተ ሁሌም የሚባለውን ታውቁታላችሁ፦ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ይኑራችሁ። ምክሩ ልክ ነው። ኪሱ ባዶ ለሆነ ሰው ግን ቀልድ ይመስላል። እኛ ቤት በአንድ ሳምንት ወጪ ነው የጀመርነው። ሳምንቷን ለመሙላት አምስት ወር ፈጀብን። እሷን ከዕለት ገንዘባችን ለይተን፣ በሌላ ሒሳብ፣ ካርድ በሌለው ሒሳብ አስቀመጥናት። ካርድ ካለ ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቁኛላችሁ።

ይህች መጠባበቂያ የምትገዛው ትልቁ ነገር ጊዜ ነው፣ በድንጋጤ ላለመወሰን የሚሆን ጊዜ። የአሜሪካውን ኤስ ኤንድ ፒ 500 የአክሲዮን መለኪያ (500 ያህል ትልልቅ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ የሚታይበትን) ውሰዱ። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 23 ቀን 2020 ድረስ 34 በመቶ ያህል ወረደ፤ በኦገስት ግን የቀድሞ ከፍታው ላይ ነበር። ሁሌ እንዲህ ቶሎ ይመለሳል ማለቴ አይደለም፣ ዓመታት የወሰዱ ውድቀቶች አሉ። በማርች መጨረሻ ለምግብና ለኪራይ ሲል ለመሸጥ የተገደደ ሰው ግን ምርጫ አልነበረውም። ምርጫ የነበረው፣ ትንሽ የሚቆይበት ያለው ነው።

ለዘመድ ስለማበደር አንድ ቃል ብቻ፦ ባይመለስ የማታዝኑበትን ስጡ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ «አልችልም» በሉ። ዋስ መሆንም ያው መበደር ነው። የወረርሽኙን ድንጋጤ ተከትለው «ፈዋሽ መድኃኒት»፣ «የእርዳታ ገንዘብ» እያሉ የደወሉትን አጭበርባሪዎች ደግሞ እናንተም አልረሳችኋቸውም።

አሁን የማኅበራችንን ጥፋት ልናገር። ኮሚቴው ይቅር ይበለኝ።

በመጀመሪያው ዓመት «መዋጮ መክፈል ያቃተው ያመልክት» ብለን ወሰንን። ያመለከቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኛም «ተመስገን፣ አባሎቻችን ደህና ናቸው» ተባባልን። ማመልከቻው ግን ምን ይጠይቅ ነበር? ችግርን በዝርዝር መጻፍ፣ ከዚያ በስክሪን ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ማስረዳት። ሰባት ሰው እያየህ «ቸገረኝ» ማለት! ማን ይቀርባል? እኔ ራሴ አልቀረብኩም። ሊቀመንበሩ፣ ውሳኔውን የፈረምኩት ሰውዬ፣ መዋጮዬን ተበድሬ ነው የከፈልኩት። አሁን ሳቄ ይመጣል። ያኔ ግን አልሳቅኩም።

በሁለተኛው ዓመት ቀየርነው። ጥያቄው ለአንድ ሰው ብቻ በስልክ ይነገራል፣ ምክንያት አይጠየቅም፣ ስም በቃለ ጉባኤ ላይ አይሰፍርም። የጠያቂው ቁጥር በብዙ እጥፍ ጨመረ። ያ ሁሉ ሰው ዓመቱን ሙሉ ደህና መስሎ ከርሞ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ከሚቀርቡት አጀንዳዎች አንዱ ይህን አሠራር በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ማስገባት ነው። እኔ በግልጽ እደግፈዋለሁ፣ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሻችሁም።

ልብን ስለማበርታት ብዙ የማውቀው የለኝም፤ የጠቀመኝን ልናገር። ዜና በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመኝታ በፊት በፍጹም። ደብተሩን በሳምንት አንድ ቀን፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከባለቤቴ ጋር፤ ከዚያ መዝጋት። በሌላ ቀን ሐሳቡ ሲመጣብኝ «ቅዳሜ እናይሃለን» እለዋለሁ። ሞኝነት ይመስላል፣ ግን ይሠራል። ቢያንስ እኔ ላይ ሠርቷል። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የዘጋው፣ መኖር የታከተው ሰው ግን ደብተር አይበቃውም፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፣ እኛም አብረነው እንሂድ።

አንዲት እህታችን በየሳምንቱ ሁለት አባላት ጋ ትደውል ነበር። ማንም አላዘዛትም። አንድ ቀን ተራው የእኔ ሆነ፣ ደወለች። ምክር የለ፣ ጥቅስ የለ። «እንዴት ነህ?» አለችኝ፣ «ደህና» አልኳት፣ «እሺ፣ አሁን ደግሞ እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ። አርባ ደቂቃ አወራን። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች፤ እንዳልጠራት ስላስጠነቀቀችኝ አልጠራትም።

ወንበራችሁ ላይ ባዶ ወረቀት አለ። ስም አይጻፍበትም፣ አይሰበሰብም። ሁለት ቁጥር ጻፉበት፦ በወር የግድ የሚያስፈልጋችሁን፣ ያለባችሁን ዕዳ በሙሉ። ለጎረቤታችሁ አታሳዩ፣ አጣጥፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱት፣ ማታ ቤት ስትገቡ ማሳየት ለሚገባችሁ ሰው አሳዩት። ከአበዳሪ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ማወቅ የሚፈልግ ካለ ያ የቪዲዮ ወንድማችን በዕረፍት ሰዓት በር አጠገብ ይገኛል፤ ይህን ግን ሳላስፈቅደው ነው ያልኩት፣ አሁን ሰማ።

ገንዘብ ያዣችን ሪፖርቷን ይዛ ቆማለች፣ ፊቷ ላይም «አጭር አልተባልክም እንዴ?» የሚል በግልጽ ይነበባል። መድረኩን ለቅቄያለሁ። ጉባኤው ተከፍቷል።