ቻናል ከፍተን የሚያወራን ጠፋ (የላይብረሪ ሠራተኞች ጥያቄና መልስ)

ከኮምቦልቻ የደወለች አድማጭ፦ የትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ቴሌግራም ቻናል ከፍተን አዲስ የገባ መጽሐፍ በፎቶ እንለቃለን፣ ተማሪዎቹ ያዩታል ግን አንድም የሚጠይቅ የለም፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ የተማሪዎቹ ጥፋት አይደለም። ቻናል እኮ እንደ ቀበሌ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፣ አድሚኑ ይለጥፋል ሌላው አይቶ ያልፋል፣ ልጻፍ ቢልም መጻፊያ የለውም። ቻናሉን ኤዲት ስትይ ዲስከሽን የሚል አለ፣ እዛ ግሩፕ አያይዢበት፣ ከዛ በየፖስቱ ስር ኮመንት ይከፈታል። ይሄ የ2 ደቂቃ ሥራ ነው፣ ዋናው ከዛ በኋላ ያለው ነው።

ተማሪ ከላይብረሪ በጣም የሚፈልገው ምን መሰለሽ፣ "እንትን የሚባለው መጽሐፍ አለ ወይ?" ብሎ ጠይቆ መልስ ማግኘት። በዛ በኮምቦልቻ ፀሐይ በእግሩ መጥቶ "ሌላ ልጅ ወስዶታል" ከሚባል ከቤቱ ቢያውቀው አይሻልም? ህንዳዊው የላይብረሪ ሊቅ ራንጋናታን በፈረንጆቹ 1931 ካወጣቸው አምስት ሕጎች አራተኛው የአንባቢን ጊዜ ቆጥቡ ነው የሚለው፣ ቴሌግራም የሚባል ነገር ሳይታሰብ ማለት ነው። ስለዚህ ሰዓት ቁረጡ፣ ለምሳሌ ማታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት አንዳችሁ ተረኛ ሆናችሁ የተጠየቀውን መልሱ፣ ዛሬ ተጠይቆ በሳምንቱ የምትመልሱ ከሆነማ ኮመንቱ ባይከፈት ይሻላል። ፖል የሚባለውን የድምፅ መስጫም ሞክሪ፣ ቀጥሎ የፊዚክስ አጋዥ ይግዛ ወይስ ልቦለድ በያቸው፣ እኔ ልቦለድ ቢያሸንፍ ደስ ይለኛል ግን በፈተና ሰሞን እንጃ። ብቻ ያሸነፈውን ካልገዛችሁ ሁለተኛ ድምፅ የሚሰጣችሁ የለም።

ከደሴ ሰኞ ገበያ የደወሉ አባት፦ ቻናሉን የከፈተልን ልጅ ሥራ ለቆ ሄደ፣ አሁን በማን እጅ እንዳለ እንኳን አናውቅም።

መልስ፦ ጋሼ ይሄ ብዙ ቦታ አጋጥሞኛል። ልጁ ስልክ የሚያነሳ ከሆነ መጀመሪያ እርስዎን አድሚን ያድርግዎት፣ ከዛ ባለቤትነቱን ያስተላልፍልዎታል፣ ግን እሱ አካውንቱ ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማብራት አለበት፣ ካበራም በኋላ 7 ቀን ካልሞላው ቴሌግራም እሺ አይልም፣ እና ዛሬውኑ ይደውሉለት። ከጠፋ ግን አይድከሙ፣ በመሥሪያ ቤቱ ሲም አዲስ ይክፈቱና ሊንኩን አትመው በር ላይ ይለጥፉት። ከአንድ በላይ አድሚን ይኑር፣ የይለፍ ቃሉም በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ አይደር።

በጽሑፍ የመጣ፦ መጽሐፍ ስካን አድርገን ሙሉውን በግሩፕ ብንለቅስ?

መልስ፦ ደራሲው ካልፈቀደ አይሆንም፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ጥበቃውም ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ላይብረሪ ራሱ ይሄን ከናቀ ማን ሊያከብረው ነው? ማውጫውን ጻፉላቸው፣ ስለ መጽሐፉ በድምፅ የ1 ደቂቃ ወሬ ቀድታችሁ ልቀቁ፣ የፈለገ መጥቶ ይዋሳል።