ማታ የተዘፈዘፈ እህል

ሰላም አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ ሙሉ እህል ብቻዬን ላወራችሁ ነው፤ ስላልተፈተገ ሩዝ፣ ስለ ስንዴ፣ ስለ ገብስና ማሽላ፣ በተለይም ደክሞን ቤት በምንገባበት በሥራ ቀን እንዴት አብስለን እንደምንበላቸው።

ስለ ሙሉ እህል ሲወራ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ እንደ መድኃኒት መቆጠሩ። "ለስኳር ጥሩ ነው፣ ለኮሌስትሮል ጥሩ ነው" ይባላል። ልክ ነው፤ በአጃና በገብስ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለ የፋይበር ዓይነት ኮሌስትሮልን ለመቀነስ ይረዳል። ግን መድኃኒት ነው ተብሎ የቀረበልንን ምግብ ስንቶቻችን ነን ለዓመታት በፍላጎት የምንበላው? እኔ ሙሉ እህል የምበላው ስለሚጣፍጠኝ ነው። ጥርስ ላይ የሚያዝ፣ ሲያኝኩት ቀስ እያለ የሚጣፍጥ ምግብ ነው።

ጣዕሙ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ አንዲት የስንዴ ፍሬ ትበቃለች። ውጪዋን ፉርሽካው ይሸፍናታል፤ በአንድ ጫፏ ብትዘራ የሚበቅለው ትንሽ ሽል አለ፤ የቀረው፣ ከክብደቷ 80 በመቶ በላይ የሚሆነው፣ ነጩ የስታርች ክፍል ነው። ነጭ ዱቄት ሲዘጋጅ ፉርሽካውና ሽሉ ይወጣሉ። በመጠን ሲታይ ብዙ የጎደለ አይመስልም። ነገር ግን አብዛኛው ፋይበር፣ ዘይቱ፣ የቢ ቫይታሚኖችና የማዕድናቱ ትልቁ ድርሻ አብረው ይሄዳሉ።

ይህ ጉድለት ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል ዓለም የተረዳው በከፊል በዶሮዎች ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ክርስቲያን አይክማን የተባለ የኔዘርላንድስ ሐኪም በጃቫ ደሴት ቤሪቤሪ የተባለውን በሽታ ሲያጠና፣ የተፈተገ ሩዝ የሚመገቡ ዶሮዎች እግራቸው እየከዳቸው ሲወድቁ፣ ያልተፈተገ ሲሰጣቸው ደግሞ ሲያገግሙ ተመለከተ። የጎደላቸው ዛሬ ቫይታሚን ቢ-1 የምንለው ነበር። አይክማን እ.ኤ.አ. በ1929 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ መፍትሔው ተፈትጎ በሚጣለው ገለፈት ውስጥ መገኘቱ ነው።

ወደ ማብሰያ ቤት እንግባ። የብዙ ሰው ቅሬታ ጊዜ ነው፤ እውነትም አለው። ነጭ ሩዝ 20 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሲበስል፣ ያልተፈተገው 40 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ሙሉ የስንዴ ፍሬ አንድ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። ነገር ግን ከዚህ ጊዜ ብዙው እኛ ተኝተን ሊያልፍ ይችላል። ማታ እህሉን አጥቦ መዘፍዘፍ የማብሰያውን ጊዜ በደንብ ያሳጥራል። ሌላም ጥቅም አለው፤ በእህል ሽፋን ውስጥ ብረትና ዚንክ እንዳይዋሃዱን የሚይዝ ፋይቲክ አሲድ አለ፤ መዘፍዘፍ በተወሰነ ደረጃ ይቀንሰዋል፣ ማብቀልና ማቡካት ደግሞ የበለጠ።

ስቀቅል ውኃ አልለካም። በብዙ ውኃ እጥዳለሁ፤ ፍሬው ሲለሰልስና መሐሉ ላይ ትንሽ ሲቋቋም አጠነፍፈዋለሁ። ከመጣዴ በፊት በደረቅ መጥበሻ ጥቂት ማመስ ሽታውን ያወጣዋል፤ ጊዜ ካላችሁ ይህን አትዝለሉት። ሎሚ ወይም ቲማቲም ግን እህሉ ከለሰለሰ በኋላ ይግባ፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ፍሬው በቶሎ አይለሰልስም።

ለአንድ ቀን ብቻ መቀቀል ድካም ማባከን ይመስለኛል። ትልቅ ድስት ጥጄ ለቀጣዮቹ ሦስት ቀናት እጠቀምበታለሁ። አንድ ቀን ከሾርባ ጋር፣ አንድ ቀን ከተጠበሰ አትክልትና ከምስር ጋር፣ ጠዋት ደግሞ ከወተት ጋር። እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ፤ የበሰለ እህል፣ በተለይ ሩዝ፣ ሌሊቱን ውጪ አይደር። ከመፍላት የሚተርፉ ባክቴሪያዎች ስላሉ፣ በሰፊ ዕቃ ዘርግታችሁ ቶሎ አቀዝቅዙትና ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት።

ልጆች ያሉበት ቤት በአንድ ጊዜ ሁሉን መቀየር ጠብ ማስነሳት ነው። ከነጩ ጋር እየደባለቃችሁ ድርሻውን ቀስ በቀስ ጨምሩ። አብሳዩም ሆዱም ይለምዳሉ፤ ፋይበር በድንገት ሲበዛ ሆድ ይነፋልና ውኃም በደንብ ጠጡ። ግሉተን የማይስማማው ሰው ካለ ስንዴና ገብስ ይቅሩበት፤ ማሽላ፣ በቆሎና ሩዝ አሉለት።

ዱቄት የምትገዙ ከሆነ ጥቂት ጥቂት ግዙ። ሽሉ ዘይት ስላለው ሙሉ ዱቄት ከነጩ ቀድሞ ይበላሻል። ቀዝቃዛ ቦታ፣ በደንብ በተከደነ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከመጠቀማችሁ በፊትም አሽትቱት። የቆየ ዘይት ከሸተታችሁ አትጋግሩበት።

በሚቀጥለው ዝግጅት ስለ ማብቀል አወራችኋለሁ። ሰላም ሁኑ።