ሬይድ ሲሞቅ ግራፊክስ ካርዱ ለምን ሥራ ይፈታል?

አዘጋጅ፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። የዛሬው ጉዳያችን በመካከለኛ ደረጃ የሚመደበው ጂፎርስ አርቲኤክስ 3060 የተባለው ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስሉን የሚሥለው የኮምፒውተር ክፍል፣ ብዙ ሰዎች በኢንተርኔት አብረው የሚጫወቱትን ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለውን ጌም እንዴት እንደሚያስኬድ ነው። ካርዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 የወጣ፣ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ነው፤ ጌሙ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ እየታደሰ እዚህ የደረሰ ነው። እህቴ፣ ካርዱ ይበቃል ትያለሽ?

ተባባሪ አዘጋጅ፦ ለአብዛኛው ተጫዋች በደንብ ይበቃል። በ1080 (ፉል ኤችዲ) ሞኒተር ላይ የምስል ጥራቱ ከፍተኛው እርከን 10 ላይ ቢደረግ እንኳ፣ ብቻህን በሜዳና በጫካ ስትዘዋወር በሰከንድ ከ60 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) በላይ ያለ ችግር ይሰጥሃል። ጥያቄ የሚነሣው ሰው ሲበዛ ነው። በዋና ከተማ አደባባይ ወይም እስከ 30 ተጫዋቾች ኃያል ጠላትን አብረው ለመግጠም በሚሰለፉበት ሬይድ ውስጥ ፍሬሙ ድንገት ሲወርድ ብዙዎች ካርዱ አቅም አነሰው ብለው ይደመድማሉ፤ ነገር ግን በዚያው ቅጽበት የካርዱን የሥራ መጠን ብንመለከት፣ አብዛኛው አቅሙ ሳይነካ ተቀምጦ ልናገኘው እንችላለን።

አዘጋጅ፦ ታዲያ የሚያዘገየው ምንድን ነው?

ተባባሪ አዘጋጅ፦ ፕሮሰሰሩ ነው። የእያንዳንዱን ተጫዋች ቦታ፣ እንቅስቃሴና አስማት ተከታትሎ፣ ካርዱ የሚሥለውን ትእዛዝ የሚያዘጋጀው እሱ ነው፤ የዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል ደግሞ በአንድ ኮር፣ ማለትም ከፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች በአንዱ፣ ላይ ይከመራል። በ2018 ጌሙ ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ዳይሬክትኤክስ 12 የተባለ ሶፍትዌር ከገባ ወዲህ ጭነቱ ለሌሎቹ ኮሮች መከፋፈል ቢጀምርም፣ ዋናው ሸክም ዛሬም በዚያው አለ። ተጫዋቹ ራሱ የሚጭናቸው አድኦኖች (ተጨማሪ ትናንሽ ፕሮግራሞች)፣ ለምሳሌ እያንዳንዱ ሰው ያደረሰውን ጉዳት የሚቆጥሩት፣ የሚሠሩትም በፕሮሰሰሩ ነው። 96 ሜጋባይት ካሽ፣ ማለትም የሚፈለገውን መረጃ በቅርብ የሚይዝ ፈጣን ሜሞሪ፣ ያለው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ የተባለው ፕሮሰሰር በዚህ ጌም ተጫዋቾች ዘንድ የተወደደው በዚህ ምክንያት ነው።

አዘጋጅ፦ አድማጫችን አዲስ ካርድ ከመግዛቱ በፊት ይህን በገዛ ኮምፒውተሩ ማረጋገጥ ይችላል?

ተባባሪ አዘጋጅ፦ ይችላል፤ እባካችሁ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ቁሙና ኮንትሮልና አር ቁልፎችን አንድ ላይ በመጫን የፍሬሙን ቁጥር አውጡ፤ ከዚያም የሬንደር ስኬሉን፣ ማለትም ካርዱ ምስሉን የሚሥልበትን የነጥብ ብዛት፣ በእጅጉ ቀንሱ። ምስሉ ደብዝዞ ቁጥሩ ካልጨመረ፣ እጥረቱ ከካርዱ አይደለም፤ የቱንም ያህል ውድ ካርድ ብትገዙ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም።

አዘጋጅ፦ እንግዲያውስ ሬይድ ውስጥ የትኞቹን ሴቲንጎች እንነካ?

ተባባሪ አዘጋጅ፦ ጌሙ ለሬይድና ለጦር ሜዳ የተለየ የግራፊክስ ሴቲንግ ስላለው፣ የከተማውንና የሜዳውን ውበት ሳትነኩ እዚያ ብቻ መቀነስ ትችላላችሁ። መጀመሪያ የእይታ ርቀቱን፣ የጥላውን ጥራትና በአንድ ጊዜ የሚታየውን የአስማት ብዛት ዝቅ አድርጉ፤ የማትጠቀሙባቸውን አድኦኖችም አጥፉ። የቴክስቸር፣ ማለትም የነገሮች ገጽታ ምስል፣ ጥራትን ግን ከፍ እንዳለ ተዉት፤ እሱ የሚፈልገው የካርዱን ሜሞሪ ነው፣ 12 ጊጋባይትም ለዚህ ይተርፋል።

አዘጋጅ፦ ካርዱ ራሱ የሚደክምበት ቦታስ?

ተባባሪ አዘጋጅ፦ አለ። ከ1080ው አራት እጥፍ ነጥብ ባለው በ4ኬ ሞኒተር ሁሉንም ከፍ አድርጎ ለመጫወት የሚሻ ሰው፣ በተለይ በ2020 የተጨመረውን የሬይ ትሬሲንግ (የብርሃን ጨረርን መንገድ እያሰላ የሚሣል) ጥላ ካበራ፣ በባዶ ሜዳም ቢሆን ፍሬሙ ሲወርድ ያያል። ከፍ ያለ ካርድ መግዛት ትርጉም የሚኖረው ለእሱ ነው።