ፈረሱ ሒሳብ ያውቅ ነበር? ሳይኮሎጂ እንዴት ሳይንስ ሆነ

[ምስል፦ በድንጋይ የተነጠፈ ግቢ፤ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ከፈረስ ፊት ቆመዋል]

በ1904 በርሊን ከተማ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ፈረሳቸውን ግቢ አውጥተው ይፈትኑት ነበር። «ሦስትና አራት ሲደመር?» ፈረሱ የፊት ኮቴውን አንስቶ መሬቱን ይመታል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሰባት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ክፍልፋይም ይሠራል፣ ቀንም ይቆጥራል። መምህሩ ቪልሄልም ፎን ኦስተን ይባላሉ፤ ፈረሱን ሰው ሁሉ «ብልሁ ሃንስ» ይለዋል። ባለሙያዎች ተሰብስበው መረመሩና ማጭበርበር አላገኙም። እውነትም ማጭበርበር አልነበረም፤ ሽማግሌው ለትርኢቱ ገንዘብ እንኳ አያስከፍሉም።

ፈረሱን እዚያው ግቢ ውስጥ እናቆየውና ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈላስፎች ስለ ነፍስና ስለ አእምሮ ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ተከራክረዋል። የለካው ግን አልነበረም። ጀርመናዊውን ፈላስፋ ካንትን የመሰለ ሰው እንኳ የአእምሮ ጥናት በቁጥር ስለማይሠራ እውነተኛ ሳይንስ ሊሆን አይችልም ብሎ ነበር። በሩን የከፈተው የእንቁራሪት እግር ነው። በ1850 ሄርማን ሄልምሆልትዝ በእንቁራሪት ነርቭ ውስጥ መልእክት የሚጓዝበትን ፍጥነት ለካ፤ በሰከንድ ወደ 30 ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከባቡር ብዙም የማይፈጥን ነገር ነው። ወዲያው የሚፈጸም ይመስል የነበረው ስሜት ለካ ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜ የሚፈጅ ነገር ደግሞ ይለካል።

[ምስል፦ ትንሽ ኳስ፣ የብረት ሳህን፣ የሰከንድን ሺኛ የሚቆጥር ሰዓት]

በ1879 ቪልሄልም ቩንት በጀርመን ላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና (የሳይኮሎጂ) ቤተ ሙከራ አቋቋመ። የሙያው ልደት የሚቆጠረው ከዚህ ነው። ኳስ ሳህን ላይ ትወድቃለች፣ ተሳታፊው ድምፁን ሰምቶ ቁልፍ ይጫናል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል። ቀጥሎ ትእዛዙ ጥቂት ይለወጣል፦ ድምፁን እንደሰማህ ሳይሆን መስማትህን ስታውቅ ተጫን። ሁለተኛው የአንድ አስረኛ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። በመስማትና መስማትን በማወቅ መካከል ያለው ርቀት ቁጥር ወጣለት ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ከሙያው ታሪክ ሁሉ ይህን የመሰለ የሚያስደንቀኝ ነገር ጥቂት ነው።

ችግሩ የመጣው ሰዓቱ ከማይደርስበት ቦታ ነው። ተመራማሪዎች የሠለጠኑ ሰዎችን አስቀምጠው «አሁን በአእምሮህ ውስጥ ምን ይታይሃል?» ማለት ጀመሩ። በጀርመን ቩርትስቡርግ የነበሩት ተሳታፊዎች ምንም ምስል የሌለው ሐሳብ አገኘን አሉ። አሜሪካ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ ከኤድዋርድ ቲችነር ዘንድ የሠለጠኑት ደግሞ ያለ ምስልና ያለ ስሜት ሐሳብ የሚባል የለም፣ በደንብ ስላላያችሁ ነው አሉ። ማን ይዳኝ? ምስክሩም ተከሳሹም ዳኛውም ያው አንድ ሰው ነው።

በ1913 አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ዋትሰን በቃ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁላችንም ልናየው የምንችለው ሰው የሚያደርገውን ነውና እሱን እናጥና አለ። ከሩሲያ የፓቭሎቭ ውሾች (ምግብ መምጣቱን የሚያበስር ምልክት ሲያገኙ ምራቃቸው የሚፈስ)፣ ቆይቶም የስኪነር እርግቦች (እህል ለማግኘት ቁልፍ መንካት የተማሩ) ለዚህ የባሕርይ ትምህርት መሠረትና ግድግዳ ሆኑት። ቁም ነገሩ ትክክል ነበር፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ማሰብ የሚባለው ነገር ከማሰብ ሳይንስ ውስጥ ለአርባ ዓመት ያህል ተባረረ። ዋትሰን በ1920 አንድን ሕፃን ነጭ አይጥ እንዲፈራ ያስለመደበት ሙከራ ደግሞ ዛሬ የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ የማይፈቅደው ነው።

ሐኪሙ ፍሮይድ በቪየና ሌላ መንገድ ይዞ ነበር፤ ቤተ ሙከራ የለም፣ አንድ ታካሚ አለ፣ ረጅም ወሬ አለ። እያንዳንዱን ሰው በጥልቀት ማዳመጥ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ታካሚው ሲስማማ ትክክል ነኝ፣ ሲቃወምም ትክክል ነኝ የሚል ትንታኔ በምን ይፈተናል?

አእምሮ ነገሮችን በቁርጥራጭ ሳይሆን በሙሉነታቸው ያያል የሚሉት የጌስታልት ሰዎች ጥያቄ ይበልጥ ጠባብ፣ መልሳቸውም ይበልጥ ጠንካራ ነው። በ1912 ማክስ ቬርትሃይመር እየተፈራረቁ ብልጭ የሚሉ ሁለት መስመሮችን አሳየ፤ ተመልካቹ ያየው አንድ የሚንቀሳቀስ መስመር ነው። ይህ ቪዲዮም በሰከንድ ሃያና ሠላሳ ቋሚ ምስል እንጂ ሌላ አይደለም፤ እንቅስቃሴውን የምትጨምሩት እናንተ ናችሁ።

ሰው ራሱን የማሳደግ አቅም አለው የሚለው የማስሎውና የሮጀርስ ሰብዓዊ ትምህርት በምክር አገልግሎት ላይ ትልቅ አሻራ ትቷል። ከ1950ዎቹ ወዲህ ደግሞ ኮምፒውተር መጣና ማሰብን ወደ ጥናቱ መለሰው፤ መረጃ ተቀብሎ፣ አስቀምጦ፣ መልሶ የሚያወጣ ማሽን ካለ ስለ ትውስታም እንዲሁ መናገር አያሳፍርም።

[ምስል፦ ግቢው እንደገና፤ ፈረሱ ዓይኑ ተጋርዷል]

አሁን ወደ ፈረሱ። ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ወጣት ተመራማሪ ያደረገው ቀላል ነገር ነው፤ ጠያቂዎቹን ለሁለት ከፈለ። አንዳንዱ የጥያቄውን መልስ ያውቃል፣ አንዳንዱ አያውቅም። ጠያቂው መልሱን ሲያውቅ ሃንስ ያውቃል፤ ጠያቂው ሳያውቅ ሃንስም ዝም ብሎ መሬት ይደበድባል። ፈረሱ ጠያቂውን እንዳያይ ሲጋረድም እንዲሁ። ጠያቂው ኮቴውን ለማየት ጎንበስ ይላል፤ ትክክለኛው ቁጥር ሲደርስ ሳይታወቀው አንገቱ ቀና ይላል። ሃንስ የሚያነበው ሰውን ነበር።

ዛሬ መድኃኒት ሲፈተን የሚሰጠውም የሚወስደውም የትኛው እውነተኛ እንደሆነ እንዳያውቁ የሚደረገው ይህንኑ አደጋ ለመዝጋት ነው። ሌላው ዘዴ ዕጣ ነው። በ1974 ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ጆን ፓልመር 150 ተማሪዎችን የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። ሃምሳዎቹን መኪኖቹ «ሲላተሙ» ፍጥነታቸው ስንት ነበር አሏቸው፤ ሌሎቹን ሃምሳ በለዘበ ቃል ጠየቁ፤ የቀሩትን ስለ ፍጥነት አልጠየቁም። ከሳምንት በኋላ «የተሰባበረ መስታወት አይታችኋል?» ተባሉ። ፊልሙ ውስጥ መስታወት አልተሰበረም። አይተናል ያሉት ከመጀመሪያዎቹ 16፣ ከሁለተኛዎቹ 7፣ ከሦስተኛዎቹ 6 ናቸው። ቡድኖቹ በዕጣ ስለተመደቡ ልዩነቱን የምናሳብበው በአንዲት ቃል ላይ ነው። ብዙ የሚተኙ ሰዎች ጥሩ ውጤት ያመጣሉ የሚል መጠይቅ ግን ይህን አይችልም፤ ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያሳይም።

ይህም ሆኖ በ2015 ተመራማሪዎች ተባብረው 100 የታተሙ የሥነ ልቦና ጥናቶችን ሲደግሙ፣ ጉልህ (በአጋጣሚ ብቻ መጣ ለማለት የሚከብድ) ውጤት በድጋሚ የሰጡት 36 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። አብዛኛው ውሸት ስለተጻፈ አይደለም። ናሙናው ትንሽ ነው፣ ተመራማሪው የሚፈልገው ነገር አለ፣ ቁጥሩን በዚህም በዚያም ሲያገላብጥ አንገቱ ቀና ይላል። ስለዚህ አሁን ብዙዎች መላምታቸውንና የትንተና ዕቅዳቸውን መረጃ ከመሰብሰባቸው በፊት ያስመዘግባሉ።

ፎን ኦስተን የፕፉንግስትን ውጤት ሳይቀበሉ ፈረሳቸውን ማሳየት ቀጠሉ። ፕፉንግስት ደግሞ ምስጢሩን ካወቀ በኋላ ራሱ ጠያቂ ሆኖ ምልክቱን ላለመስጠት ሞከረ። ቀጥ ብሎ ሊቆም ቢታገልም አንገቱ እየከዳው ተቸገረ።