«ሲስተም የለም» እንዳይባል

እንደምን አረፈዳችሁ፣ የተከበራችሁ ነጋዴዎች!

«ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ ካለ እጁን ያውጣ። መቼም አይኖርም። ዛሬ ግን ባንክ ልናማ አልመጣንም። ነገ እናንተም ደንበኛችሁን እንዲያ ብላችሁ እንዳትመልሱ ነው።

ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚገናኙበትን መንገድ ባለሙያዎች ቶፖሎጂ ይሉታል። ቃሉ አያስፈራችሁ፤ የገመድ አዘረጋግ ማለት ነው። ኬብል ስጎትት የኖርኩ ሰው ነኝና ሁሉንም የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ አንድ ገመድ ቢበጠስ ስንት ሰው ሥራ ይፈታል?

ከድሮው ባስ ልጀምር። አንድ ገመድ ቢሮውን አቋርጦ ያልፋል፤ ሁሉም ኮምፒውተር እሱ ላይ ይንጠለጠላል። ኢተርኔት የሚባለው ኮምፒውተሮችን በገመድ የማገናኛ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ሲጠነሰስ እንዲህ ነበር። ኋላ የመጣው ቀጭኑ ኬብል በአንድ መስመር እስከ 185 ሜትርና 30 ማሽን ይችላል። ርካሽ ነው። ግን አንድ ማያያዣ ላላ ማለት ቢሮው በሙሉ ጸጥ አለ ማለት ነው። ጥፋቱን ለማግኘት በየጠረጴዛው ሥር መዳህ ነው።

ሪንግም ነበር፤ ማሽኖቹ በክብ የሚያያዙበት። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያስፋፋው ቶክን ሪንግ እንደ ዕቁብ ነው፤ ተራው የደረሰው ብቻ ይናገራል። ሥርዓቱ ደስ ይለኛል። ዕቃው ግን ውድ ነበር፤ ርካሹ ኢተርኔት ከገበያ አስወጣው። ይህን ለነጋዴ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ሜሽ ሁሉም ከሁሉም የሚያያዝበት ነው። ለ10 ማሽን 45 ገመድ ይጠይቃል፣ ለ20 ደግሞ 190። ለሱቅ እብደት ነው። ቅርንጫፍ ላለው ድርጅት ግን ከፊሉ ይጠቅማል፤ ወደ ዋናው ቢሮ ሁለት መስመር ይኑራችሁ። ሁለቱም በአንድ ቦይ ካለፉ ግን አንድ የመንገድ ቆፋሪ ይበቃቸዋል።

ለአብዛኞቻችሁ ስታር ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር በራሱ ገመድ፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ፣ ስዊች ከሚባል አንድ ማገናኛ ሳጥን ጋር ይያያዛል። ገመድ ቢበጠስ የሚቆመው አንድ ሰው ነው። ስዊቹ ከሞተ ግን ሁሉም ቆመ። ታዲያ ይህ ሁሉ የተንጠለጠለበትን ዕቃ የት ነው የማገኘው? ከካሸሯ እግር ሥር፣ አቧራ ለብሶ!

አንድ ቢሮ በጠዋት ተጠራሁ። መብራት አለ፣ ስዊቹ በርቷል፣ ኔትዎርክ ግን የለም። የስዊቹ መብራቶች ሁሉ ባንዴ እንደ እብድ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ለካስ ጽዳት ወዳድ የሆነ ሰው መሬት ላይ የወደቀ የኬብል ጫፍ አግኝቶ ክፍት ቀዳዳ ላይ ሰክቶታል። ሌላኛው ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ነበር! መልእክቱ ክብ እየዞረ፣ እየተባዛ መስመሩን አጨናነቀው። ነቀልኩት፣ ሁሉም ሠራ። ለሁለት ደቂቃ ሥራ ሒሳብ መጠየቅ አፍሬ ቡና ጠጥቼ ወጣሁ። ለዚህ መከላከያውን የኮምፒውተር ባለሙያዋ ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ሠርታዋለች፤ ብዙ ርካሽ ስዊቾች ላይ ግን የለም። ስትገዙ ጠይቁ።

ሌላም አለ። ኮምፒውተሩን ዩፒኤስ ላይ፣ መብራት ሲሄድ በሚይዘው ባትሪ ማለቴ ነው፣ ሰክታችሁ ስዊቹን ግድግዳው ሶኬት ላይ ትተዉታላችሁ። መብራት ሲሄድ ስክሪኑ ይበራል፣ ሽያጩ ይቆማል። ዛሬ ሱቅ ስትመለሱ የስዊቹን ሶኬት ተከትላችሁ የት እንደተሰካ እዩልኝ። አንድ ትርፍ ስዊችም መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፤ በእሁድ የሚገዛበት አይገኝም።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ ነኝ።