የልጅ ክርን ሲሰበር፦ ስብራቱ፣ ሕክምናውና ማገገሙ

[ሥዕል፦ የክርን አጥንቶች ከጎን ሲታዩ]

አንድ ልጅ ከዛፍ ወይም ከደረጃ ሲወድቅ ራሱን ለማዳን እጁን ዘርግቶ መሬቱን ይመክታል። በዚያች ቅጽበት የሰውነቱ ክብደት በተዘረጋው ክንድ በኩል አልፎ ክርኑ ላይ ያርፋል፤ ክርኑ ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ሲለጠጥም የላይኛው ክንድ አጥንት ከመገጣጠሚያው ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በሳሳበት ቦታ ላይ ይሰበራል። በልጆች ላይ ከሚደርሱት የክርን ስብራቶች ሁሉ በብዛት የሚታየው ይህ ሲሆን፣ በተለይ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉት ላይ ያይላል። የዚህ ቪዲዮ ዋና ጉዳይም ይኸው ስብራት ነው፤ ምክንያቱም በአግባቡ ሲታከም አብዛኞቹ ልጆች በደንብ የሚድኑበት፣ በተሳሳተ መንገድ ሲያዝ ግን እጅን እስከ ማሳጣት የሚደርስ ጉዳት ነው።

ክርን ሦስት አጥንቶች የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው። በትንሿ ጣት በኩል ያለው የታችኛው ክንድ አጥንት ከላይኛው ጋር ተጋጥሞ ክንዱን እንደ በር ማጠፊያ ሲያጥፍና ሲዘረጋ፣ በአውራ ጣት በኩል ያለው ደግሞ መዳፍ እንዲገለባበጥ ይሽከረከራል። ለእጅ ደም የሚያደርሰው ዋናው ደም ቅዳ ቧንቧ በክርኑ ፊት ለፊት ያልፋል፤ ሦስት ዋና ዋና ነርቮችም በዙሪያው ይወርዳሉ። የተሰበረው አጥንት ሹል ጫፍ ወደ ፊት ከተገፋ ይህን ቧንቧ ሊጫነው ወይም ሊቀድደው ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም ራጅ ከማዘዙ በፊት የልጁን እጅ ይመረምራል፤ በእጁ አንጓ ላይ የደም ትርታ መኖሩን፣ ጣቶቹ መሞቃቸውን ያያል፤ ነርቮቹንም ለመፈተን ልጁ አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ ክብ እንዲሠራ፣ ከዚያም ጣቶቹን እንዲበታትን ይጠይቀዋል።

የልጅ ክርን በራጅ ማንበብ ቀላል አይደለም። የመገጣጠሚያው ብዙ ክፍል ገና ለስላሳ ስለሆነ በፊልሙ ላይ አይታይም፤ ስንጥቁ ራሱ ሳይታይ በመገጣጠሚያው ውስጥ የተጠራቀመው ደም ብቻ ስብራት መኖሩን የሚጠቁምበት ጊዜም አለ።

[ሥዕል፦ ሦስቱ የስብራት ደረጃዎች]

ሐኪሞች ይህን ስብራት እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በሚታወቅ አከፋፈል በሦስት ደረጃ ይለያሉ። አጥንቱ ተሰንጥቆ ከቦታው ካልተንቀሳቀሰ ለሦስት ሳምንት ያህል ጀሶ ይበቃዋል። ወደ ኋላ ቢታጠፍም በከፊል ተያይዞ ከቀረ፣ እንደ መዛባቱ መጠን በጀሶ ወይም በቀዶ ሕክምና ይያዛል። ሙሉ በሙሉ ከተለያየ ግን ልጁ ማደንዘዣ ተሰጥቶት አጥንቱ በራጅ እየታየ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ ቆዳው ሳይከፈት ቀጫጭን ሽቦዎች ይገቡና ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቆይተው ይወጣሉ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ወላጆች እንዲይዙልን የምንፈልገው ግን የእብጠትን ነገር ነው። ክርን ከተሰበረ በኋላ ባሉት ሰዓታት ውስጥ በጣም ያብጣል። ክንዱ በቀርቀሃና በጨርቅ ዙሪያውን ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ እብጠቱ የሚሄድበት ስለሌለው ወደ ውስጥ ይጫናል፤ ደም ወደ ጡንቻው መድረስ ያቆማል፤ ጡንቻም ያለ ደም ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ ተመልሶ የማይድን ጉዳት ይደርስበታል። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 የገለጸው፣ ጣቶች እንደ ተኮማተሩ የሚቀሩበት የአካል ጉዳት የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ጉዳቱ ሲከፋ ክንዱ ይሞትና (ይህም ጋንግሪን ይባላል) መቁረጥ ግድ ይሆናል። በአገራችን ሆስፒታሎች ከወጌሻ እስር በኋላ በጋንግሪን እጃቸው የተቆረጠ ልጆች ታክመዋል፤ ይህ ሊቀር የሚችል ጉዳት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል።

ቤተሰብ ወደ ወጌሻ የሚሄደው ቅርብ ስለሆነ፣ ስለሚታመንና ወጪው አነስተኛ ስለሆነ ነው፤ በዚህ ማንንም መውቀስ አይገባም። በጉራጌ አካባቢ በሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ለወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በጋንግሪን የሚመጡ ሕሙማን ቁጥር መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ወጌሻውን ከማሳደድ ይልቅ ማስተማሩ ልጆችን ያድናል ብለን የምናምነው ስለዚህ ነው።

ልጁ እንደወደቀ ክንዱን አትሳቡ፤ ለማቅናትም አትሞክሩ። በተገኘበት ሁኔታ በታጠፈ ካርቶን ወይም በወፍራም ልብስ ደግፋችሁ፣ በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሉለት። አምባር ወይም ክር ካለው ወዲያው አውልቁ፤ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብ አትስጡት፤ ከዚያም ራጅና የአጥንት ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት።

ጀሶ ከተደረገለት በኋላም ጣቶቹን ሌሊትም ቢሆን እዩ። የሕመም ማስታገሻ ወስዶም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉለት ከጮኸ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከደነዘዙ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ተመለሱ። በጨርቅ የታሰረ ከሆነ እስሩን በመንገድ ላይ ሳላችሁም ቢሆን ፍቱት፤ አጥንት ዳግመኛ ሊቀና ይችላል፤ የሞተ ጡንቻ ግን አይመለስም።

[ሥዕል፦ ጀሶው ከወጣ በኋላ ልጁ ክርኑን ሲያጥፍ]

ጀሶው ሲወጣ ክርኑ ግትር መሆኑ ወላጆችን ያስደነግጣል። የልጅ ክርን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ በራሱ ጨዋታና እንቅስቃሴ ይፈታል። በቅባት ማሸት፣ ክብደት አስይዞ ማንጠልጠልና በግድ መሳብ መገጣጠሚያውን መልሶ ያቆስለዋል፤ በጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲበቅልም ሊያደርግ ይችላል። የደነዘዘ ነርቭም በአብዛኛው በጥቂት ወራት ውስጥ ይመለሳል። ክንዱ ጠምሞ ከገጠመ ግን ቅርጹ በዕድገት ብዙም አይስተካከልም፤ በኋላ በቀዶ ሕክምና ማቅናት ይቻላል።

በአዋቂዎች ላይ ነገሩ ይለያል። በብዛት የሚሰበረው በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት የላይኛው ጫፍ ሲሆን፣ ካልተዛባ ክንዱ ለጥቂት ቀናት ብቻ ተንጠልጥሎ ወዲያው መንቀሳቀስ ይጀምራል። የክርን ሹል ጫፍ ተሰብሮ ከተለያየ ደግሞ በሽቦ ወይም በብረት ይታሰራል። የአዋቂ ክርን ለረጅም ሳምንታት በጀሶ ከተያዘ በቀላሉ ስለሚደርቅ፣ ሐኪሙ እንደፈቀደ ታማሚው ራሱ በቀን ደጋግሞ ማጠፍና መዘርጋት፣ መዳፉንም መገልበጥ ይኖርበታል። ፀጉርን ለማበጠር፣ ለመጉረስና ልብስ ለመልበስ ከ30 እስከ 130 ዲግሪ ያለው እንቅስቃሴ በአብዛኛው ስለሚበቃ፣ ክርኑ ፍጹም ቀጥ ባይልም የፊዚዮቴራፒው የመጀመሪያ ግብ ይህን ያህሉን ማስመለስ ነው።