የጉዞ ፕሮግራም በሰዓት እንጂ በኪሎ ሜትር አይጻፍ፦ ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ የክብር እንግዶቻችን፣ አስጎብኚዎች፣ ሾፌሮች፣ የካምፕ ምግብ አብሳዮች፣ ክፍል የምትይዙና ቲኬት የምትቆርጡ የቢሮ ባልደረቦቻችን ሁሉ፤

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። ጉባኤያችንን በክረምት የምናደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። መስከረም ከጠባ በኋላ ከመስቀል እስከ ጥምቀት ማናችንም ቁጭ ብለን የምንመክርበት ጊዜ አይኖረንም። በጥር ወር እንግዳው ረክቶ ወይም ተማሮ የሚመለስበትን ፕሮግራም የምንጽፈውም አሁን ነው። ስለ ገበያ፣ ስለ ግብር እና ስለ ተሽከርካሪ ማስገቢያ በአጀንዳው ተራ በተራ እንነጋገራለን። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ የምጠቀምበት ለአንድ ጉዳይ ነው። የቡድን ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ቢሮ ውስጥ፣ ፕሮግራሙ ሲጻፍ ነው። መንገድ ላይ የምናየው ውጤቱን ነው።

ከቀን ልጀምር። ብዙ የውጭ ወኪሎች ጥምቀትን በጃንዋሪ 19 አስፍረው ካታሎግ ያትማሉ። ከአራት ዓመት በሦስቱ ልክ ናቸው። ጳጉሜ 6 ቀን ሆና በምትውልበት ዘመነ ሉቃስ ማግስት፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ጥር 11 የሚውለው በጃንዋሪ 20 ነው፤ መስቀልም ከሴፕቴምበር 27 ወደ 28 ይሸጋገራል። ገና ደግሞ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር በፈረንጆቹ ቀን ጃንዋሪ 7 ላይ እንዳለ ይቆያል። ሁሉም በዓል በአንድ ቀን ይገፋል ብሎ የሚያሰላ ሰው ገናን ይስታል፤ ምንም አይገፋም ብሎ የሚተው ደግሞ ጥምቀትን ይስታል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል። ወኪሎቹ የሚሸጡት ዓመትና ከዚያ በላይ አስቀድመው ስለሆነ የ2020ው ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 እንደሚውል ካሁኑ በጽሑፍ እናሳውቃቸው። በበዓሉ ማግስት በረራ የተያዘለት ቡድን ቀኑ በአንድ ሲዛባ ታቦቱ በሚገባበት ሰዓት አየር ማረፊያ ተሰልፎ ይገኛል።

ከቀኑ የባሰው የሌሊቱ ነገር ነው። አንድ ቡድን ቲኬቱ ላይ «ጃንዋሪ 18፣ 01፡30» ተጽፎለት ቦሌ ይደርሳል እንበል። ይህ በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ቢሮው ወደ ኢትዮጵያ ቀን ገልብጦ ለሾፌሩ «ጥር 10፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል» ብሎ ይልካል። ሾፌሩ ጥር 10 ውሎ፣ ራቱን በልቶ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሌሊት ይጠብቃል፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ሌሊቱ የሚቆጠረው ካለፈው ቀን ጋር ነው። ቡድኑ ግን ጥር 9 አልፎ ለጥር 10 አጥቢያ አርፎ፣ ሻንጣውን ይዞ፣ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ የያዘ ሰው አጥቶ ቆሟል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ላለ በረራ ሁሉ «ለጥር 10 አጥቢያ፣ እሑድ ማታ ለሰኞ» እየተባለ የሳምንቱ ዕለት ጭምር ይጻፍ፤ የፈረንጁም ሰዓት ከጎኑ ይቀመጥ። ዕለት የተጻፈበት ወረቀት አያሳስትም።

አሁን ወደ መንገዱ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ መጸዳጃ፣ ፎቶና ፍተሻ ሲደመር ቡድን የጫነ ኮስተር በአማካይ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አይሄድም። ስለዚህ ጉዞው 11 ሰዓት ይፈጃል፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሣ የሚደርሰው ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጢስ ዓባይን የሚያስጎበኝ ፕሮግራም ዛሬም ይሸጣል። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ፕሮግራም ነው፤ ሾፌሩ ወይ ይፈጥናል፣ ወይ ይመሽበታል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ተወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። የቸኮለ ሾፌር ማርሽ ሳይቀንስ በፍሬን ብቻ ሲወርድ የፍሬኑ ሸራ ግሎ መሽተት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው እንደ ልብ አይቆምም። ያኔ ጥፋቱ የሾፌሩ ይባላል፤ ያስቸኮለውን ሰዓት የጻፈው ግን ቢሮው ነው።

ከጨለመ በኋላ መንዳት ለምን እንደከለከልን ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። ከብት፣ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ተበላሽቶ አስፋልቱ ላይ የቆመ ከባድ መኪና፣ ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አመራሩ የሚያቀርበው ሐሳብ በድምሩ ከ7 ሰዓት በላይ የሚነዳበት ቀን ሌላ ጉብኝት እንዳይኖረው ነው። ከዚህ ጋር የሾፌር ውሎ አበል ከመነሻው በፊት ይከፈል እላለሁ። አበሉ በእጁ ያልገባ ሾፌር ለአልጋ ላለማውጣት መኪናው ውስጥ ያድራል፤ ወንበር ላይ ያደረ ሰው በማግስቱ ከምሳ በኋላ መሪ ጨብጦ ያንቀላፋል። ከኋላው የተቀመጡት 16 ወይም 20 ሰዎች ነፍሳቸውን ለእሱ አደራ ሰጥተዋል።

ከፍታን በተመለከተ አንዳንድ ድርጅቶች አሁንም ካርታውን ብቻ እያዩ ይጽፋሉ። ከባሕር ጠለል አጠገብ የመጣ እንግዳ ቦሌ ሲወርድ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በሰሜን ተራሮች ሰንቃበር ካምፕ 3,250፣ ግጭ ካምፕ 3,600 ሜትር ላይ ናቸው። በባሌ የሳነቲ አምባ 4,000 ሜትር ያልፋል፤ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ነው። የታወቀው የሕክምና ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር የሚል ነው። ወሳኙ የሚታደርበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ በባሌ ዲንሾ ያደረ ቡድን ሳነቲን ቀን አቋርጦ ወደ ሐረና ጫካ ቢወርድ አብዛኛው ሰው ይችለዋል። ከባሕር ጠለል በታች ካለው ዳሎል ተነሥቶ በማግስቱ ሰሜን ተራሮች ላይ ድንኳን የሚያስተክል ፕሮግራም ግን መሸጥ የለበትም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የታየበት ሰው እስኪሻለው ወደ ላይ አይወጣም። እየተንገዳገደ የሚራመድ ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ታች ይወሰዳል። የማታ መንዳት ክልከላችን የሚነሣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የበዓል ጉዞ ሰፋ ያለ ጊዜ ይገባዋል፤ ትልቁ ገቢያችንም ትልቁ ኃላፊነታችንም እዚያ ነው። ጥምቀት በ2019 እንደ ፈረንጆቹ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ እንግዶች ስሙን ጠርተው ይጠይቃሉ። ጎንደርን እንውሰድ። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ከየደብሩ ከወጡ በኋላ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የሚወስደው መንገድ ለመኪና ዝግ ነው። «መኪናችን በር ላይ ያወርደናል» ተብሎ የተሸጠለት የ70 ዓመት እንግዳ በሕዝብ መካከል ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ይህን ቀድሞ ይንገረው፤ ትንሽ ታጣፊ ወንበርና ለእሱ ብቻ የተመደበ ሰው ይኑረው። ወጣቶች በታቦቱ ፊት እያነጠፉ የሚያነሡት ምንጣፍ ላይ ማንም እንግዳ አይርገጥ፤ ለፎቶ ብሎ ከታቦቱ ፊት የሚገባ ሰው የሚጋፋው አምልኮውን ነው። በጥር 11 ጠዋት ውኃው ሲባረክና ወጣቱ ሲዘል ግፊያው ስለሚበረታ ቡድኑን ወደ ውኃው ጠርዝ መውሰድ አይገባም። ግርግሩን የማይችል እንግዳ ቢኖር በማግስቱ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ስለሚገባ ዝማሬውንም ሽብሸባውንም ረጋ ብሎ ለማየት ሁለተኛ ዕድል አለው። ይህን ቀን ቆርጦ የሚጥል ፕሮግራም ከሁሉ የሚሻለውን ነው የሚጥለው።

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ የሰው ሕይወት እንዳለፈ ማናችንም አልረሳንም። ስለዚህ አስጎብኚው በዋዜማው ሄዶ መቀመጫውን በዓይኑ ይይ። እንጨቱ በምን ታስሯል? ከሥር የቆመው ድጋፍ የት አርፏል? ስንት ሰው እንዲይዝ ነው የተሠራው? መልስ ያላገኘ ሰው እንግዳውን መሬት ላይ ያቁም።

በሕዝብ ብዛት ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ስልክን ማመን አይቻልም። እያንዳንዱ እንግዳ የሆቴሉን ስምና የአስጎብኚውን ስልክ በአማርኛ የያዘ ካርድ በኪሱ ይኑረው፤ የጠፋ ሰው የሚመለስበት አንድ የታወቀ ቦታና ሰዓት ከሆቴል ሳይወጣ ይነገረው። ቆጠራው ከመኪና ሲወረድ፣ ቦታው ሲደረስና ከቦታው ሲነሣ ይደረግ። በበዓል ቀን ለ8 እንግዳ አንድ መሪ ያስፈልጋል፤ ከመሪዎቹ አንዱ ሁልጊዜ ከኋላ ይሁን።

ስለ ክፍል አጭር ነገር ልበል። ለበዓል የተያዘ አልጋ በስልክ ቃል ብቻ አይታመንም፤ ቅድሚያ ክፍያው ተከፍሎ ደረሰኝ ይያዝ፤ ሳምንት ሲቀረው በአካል ወይም በታማኝ የከተማው ሰው ይጣራ። የስም ዝርዝሩ ላይ «ሁለት ሰው» ብቻ ተጽፎ ሲላክ ሆቴሉ አንድ ሰፊ አልጋ ያዘጋጃል፤ የማይተዋወቁ ሁለት መንገደኞች ቁልፍ ተቀብለው ሲከፍቱት የሚፈጠረውን ጭቅጭቅ ታውቃላችሁ። አንድ ሰፊ አልጋ ወይስ ሁለት አልጋ? በየስሙ ትይዩ ይጻፍ።

ምግብ ላይ የጾም ቀን ሥጋ ለማይበላ እንግዳ ምቹ ነው፤ ሥጋ የለመደው ግን በዐቢይ ጾም በገጠር ከተማ ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ይወቅ። ስንዴና ገብስ በሕመም ምክንያት ለማይበላ ሰው «እንጀራ ጤፍ ነው፣ ብላ» ማለት አደገኛ ነው፤ በብዙ ቦታ እንጀራ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ይደባለቃል። ጋጋሪዋ ትጠየቅ። ውኃም በግምት አይገዛ። ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ቢታሰብ 16 ሰው 48 ሊትር፣ ማለትም 32 ባለ አንድ ሊትር ተኩል ጠርሙስ ይፈልጋል፤ ለአፋር በረሃ ከዚህም ይጨመራል።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሳይሸጥ በፊት መነገር ያለበት ነገር አለው። ከጣና ገዳማት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፤ ዘጌ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁሉንም ይቀበላል። ጀልባ ላይ ሆነው መስማት ለሴት እንግዶቻችን አክብሮት የጎደለው ነው። ቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ፣ ባቲ ሰኞ ነው፤ በሌላ ቀን ያለፈ ቡድን ባዶ ሜዳ ያያል።

በመጨረሻ የሁላችንንም ልብ የሚከብደውን ልናገር። በወረርሽኙ፣ በጦርነቱና ከዚያም ወዲህ በቀጠለው ግጭት ብዙ ባልደረቦቻችን ሥራቸውን አጥተዋል። ገበያው ይመለስልን ብለን የመንገዱን ሁኔታ አሳምረን መናገር ግን አይገባንም። የእንግዳው መንግሥት «አትሂዱ» ባለው አካባቢ ብዙ የጉዞ ኢንሹራንሶች አይከፍሉም፤ እንግዳው ይህን ቅድሚያ ክፍያ ሳይከፍል በፊት በጽሑፍ ማወቅ አለበት። ለእያንዳንዱ የሰሜን ፕሮግራም ምትክ ይዘጋጅ፦ ጥምቀትን ጃን ሜዳ፣ ከዚያ ባሌ ወይም ሐረር። ውሳኔው እስከ ስንት ቀን ድረስ እንደሚሰጥ፣ የዋጋው ልዩነት ለማን እንደሚመለስ ውሉ ላይ ይስፈር። መንገዱ ከተዘጋ በኋላ የሚደረግ ድርድር እንግዳውንም ድርጅቱንም ያስቀይማል።

አመራሩ ዛሬ ለውሳኔ የሚያቀርበው ለእንግዳው ከሚሰጠው ፕሮግራም ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ገጽ የውስጥ ቅጽ ነው። የሁለቱም አቆጣጠር ቀን ከዕለቱ ጋር፣ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት፣ የማደሪያው ከፍታ፣ የአልጋ ድልድል፣ የእንግዳው የጤናና የምግብ ሁኔታ፣ ምትክ መንገዱ ይሰፍርበታል። ሾፌሩና አስጎብኚው ከመነሻው 3 ቀን በፊት አንብበው ይፈርማሉ፤ ሰዓቱ አይሆንም ካሉ ቢሮው ያስተካክላል እንጂ አይጫናቸውም። ረቂቁ በየጠረጴዛችሁ ላይ አለ። ከሻይ በኋላ መጀመሪያ ሾፌሮቹና አስጎብኚዎቹ፣ ቀጥሎ የድርጅት ባለቤቶች አስተያየት እንዲሰጡበት እጠይቃለሁ።

ጉባኤው መከፈቱን በአክብሮት እገልጻለሁ። አመሰግናለሁ።